የኪቦርድ አቀማመጥ ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ በራሳችሁ ጽሑፍ ፈትኑት

ከተለመደው የኩዌርቲ (QWERTY) አቀማመጥ ወደ ድቮራክ ወይም ኮልማክ ወደሚባሉት አማራጮች ልትዞሩ ካሰባችሁ፣ ሌላ ሰው ያወጣውን የአቀማመጦች ደረጃ ዝርዝር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። አብዛኛው ንጽጽር የሚሠራው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ከኢሜይላችሁና ከኮዳችሁ ትንሽ ትንሽ ሰብስቡና የአቀማመጥ መመዘኛ ፕሮግራም ውስጥ ለጥፉት (የይለፍ ቃል ያለበትን አውጡ እንጂ!)።

ውጤቱ ሲመጣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያየው ጣቶች መሃለኛው ረድፍ ላይ የሚቆዩበትን መቶኛ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው አንድ ጣት ሁለት ፊደል በተከታታይ የሚመታበትን ነው። ፍጥነት የሚገድለው እሱ ነው። በኩዌርቲ «E»ንም «D»ንም የሚመታው ያው የግራ እጅ መሃል ጣት ነው። በ«-ed» የሚያልቅ የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ግሥ በጻፋችሁ ቁጥር ጣቱ ከላይ ወደ ታች ይዘላል።

አማርኛን በላቲን ቁልፎች በድምፅ የምትጽፉ ከሆነ፣ ከተነባቢው ኋላ ብዙ ጊዜ አናባቢ ይከተላል። ድቮራክ አናባቢዎቹን በሙሉ በግራ እጅ መሃለኛ ረድፍ ስለሰበሰበ ሁለቱ እጆች ደህና ይፈራረቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮልማክ በበኩሉ የኮፒና የፔስት ቁልፎችን ከቦታቸው አያነቃንቅም፤ ይህን ደግሞ ቀላል ነገር እንዳትሉት።