ስቶክሆልምን ከጓደኞች ጋር በሁለት ቀን ለመጎብኘት

ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተዘረጋች በመሆኗ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሄድ የጓደኞች ቡድን ጊዜውን በደሴት ቢከፋፍል ከብዙ መመላለስ ይድናል። ለግማሽ ቀን አንድ ደሴት ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው የራሱን የባንክ ካርድ መያዙን አረጋግጡ። መገበያያው ዩሮ ሳይሆን የስዊድን ክሮና ሲሆን፣ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ካፌዎችና ሱቆችም ብዙ ናቸው። የከተማው የትራንስፖርት ትኬት ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምድር ባቡር ወደ አውቶቡስ፣ ከዚያም ወደ ዩርጎርደን ደሴት በሚሄደው ጀልባ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ውድ የሆነውን የቱሪስት ጀልባ ትኬት አስቀድሞ መግዛት አስፈላጊ አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ቀን ጠባብ መንገዶቹ በጎብኚ ሳይጨናነቁ በማለዳ በአሮጌው ከተማ በጋምላ ስታን ጀምሩ። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1520 በርካታ ተቃዋሚዎቹን ያስገደለበት ስቱርቶርየት አደባባይ እዚያው ነው። ከዚያም ከስሉሰን በጀልባ ወደ ዩርጎርደን ተሻገሩና በቀጥታ ወደ ቫሳ ሙዚየም ግቡ። ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራዋን ዘርግታ ከወደብ በወጣችበት ዕለት፣ ከ1,500 ሜትር ያነሰ ርቀት ተጉዛ የሰጠመች የጦር መርከብ ናት። የላይኛው ክፍሏ ከታችኛው ይልቅ እጅግ ስለከበደ ነፋስ አዘነበላት፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶችም ውኃ ገባ። ከ333 ዓመታት በኋላ በ1961 ስትወጣ አብዛኛው እንጨቷ አልበሰበሰም ነበር፤ ምክንያቱም እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ጨዋማነቱ አነስተኛ በሆነው በባልቲክ ባሕር አይመችለትም። እዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቢለያይ ጉዳት የለውም፦ ሙዚቃ ወዳዶች ወደ ስዊድናዊው የሙዚቃ ቡድን ወደ አባ (ABBA) ሙዚየም፣ ሌሎች በ1891 ወደተከፈተው ከቤት ውጭ ወደሚጎበኘው የስካንሰን ሙዚየም ሄደው፣ በተስማሙበት ሰዓት ጀልባው ወደብ ላይ ይገናኙ።

በሁለተኛው ቀን የኖቤል ግብዣ የሚደረግበትን የከተማ አዳራሽ ጎብኙ። ዝናብ ከመጣ የምድር ባቡሩ ሰማያዊ መስመር ራሱ ጉብኝት ነው፤ በተለይ የኩንግስትሬድጎርደንና የሶልና ሴንትሩም ጣቢያዎች ሥዕል የተሣለባቸው ዋሻዎች ናቸው።

በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በዲሴምበር ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ በዚያ ወቅት የሚሄዱ የውጭውን ጉብኝት በጠዋት፣ ሙዚየሞቹን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉ ይሻላል።