ራሱን የሠራ ጀግና ልብስ እንዴት ይሰፋል

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከዋናው ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ክፍል፣ በእግር መኪና ስሰፋ 23 ዓመት ሞላኝ። ዩኒፎርም፣ የሚዜ ቀሚስ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የባላገር ቁምጣ፤ ያልሰፋሁት የለም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሦስት የሠፈራችን ልጆች መጥተው «እትዬ፣ የጀግና ልብስ ይሰፉልናል?» አሉኝ። በስልካቸው አጭር ፊልም ሊቀርጹ ነው። ታሪኩ የአንድ የጀልባ ረዳት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ፣ ታንኳቸው ውኃ የጠጣባቸውን ሰዎች ፊቱን ሸፍኖ እየደረሰ የሚያወጣ። አይበርም፤ ጥይት አይመልስም፤ ያለው ክንዱና ስለ ውኃው የሚያውቀው ብቻ ነው።

ልብሱ ተሰፋ፣ ፊልሙም ተቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልጆችም እየመጡ «እኛም ልንሠራ ነው፣ ከየት እንጀምር?» ስለሚሉኝ፣ የሠራሁትንም የተሳሳትኩትንም ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ፊልሞቹን እዩ። ድብድቡን እለፉትና ልብሱ ላይ አተኩሩ። እኛ ማታ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ በአንደኛው ልጅ ላፕቶፕ ነበር የምናየው። አይረን ማንን (እ.ኤ.አ. 2008) ሰው የሚያስታውሰው በቀዩና በወርቃማው ልብስ ነው። እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው ነው፤ ዋሻ ውስጥ ታስሮ፣ ዪንሰን ከሚባለው ሐኪም ጋር፣ ከሚሳይል ቁርጥራጭ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሠራው ግራጫ ብረት። ለብሶት መራመድ እንኳ ያቅተዋል። በሮ ሲያመልጥም ብዙ አይሄድም፤ አሸዋ ላይ ይከሰከስና ብረቱ ይበታተናል። ኪክ አስ (2010) ላይ ደግሞ ዴቭ የሚባል የኒው ዮርክ ተማሪ ጠላቂ ዋናተኞች የሚለብሱትን አረንጓዴ ልብስ በኢንተርኔት አዝዞ ይወጣል፤ ወዲያው በጩቤ ይወጋል፣ መኪናም ይገጨዋል። ባትማን ቢጊንስ (2005) ላይ ብሩስ ዌይን ገና ልብሱ ሳይኖረው ፊቱን ብቻ ሸፍኖ ይወጣና፣ ከፎቅ ላይ ሲዘል ከወዲያኛው ሕንፃ ጋር ይላተማል።

ሁሉም የመጀመሪያ ቀን ይወድቃሉ። የወደቁበት ልብስ ነው ሁለተኛውን የሚያሠራቸው። ይህን ካላሳያችሁ ጀግናችሁ ልብሱን የገዛው እንጂ የሠራው አይመስልም።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ዲፌንዶርን (2009) ነው። ዉዲ ሃረልሰን የሚጫወተው ሰው ቀን ቀን የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ፊደል የሠራው በብርማ ፕላስተር ነው፤ የሚወረውረው ብይ ነው፣ በማሰሮ የታሸገ ተርብ ነው። ባትማን ሀብታም ስለሆነ ሰው እንዳይጠረጥረው ብሎ የጭንብሉን ዕቃ 10,000 ፍሬ ያዝዛል። ያ ለእኛ አይሆንም። የእኛ ልጅ እንደ ዲፌንዶር ቤቱ ካለው ነው የሚነሣው። (ኪክ አስ ደም ይበዛበታል፤ ትንንሽ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አታሳዩአቸው።)

እንግዲህ ጨርቅ ከመምረጣችሁ በፊት የጀግናችሁን ሥራ ጠይቁ። ልጆቹ መጀመሪያ ያመጡልኝ ሥዕል ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ካባው እስከ ተረከዝ የሚወርድ ነበር።

«ይሄ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል?» አልኩ።

«ጀልባ ያስራል፤ ከውስጥ ውኃ ይጨልፋል፤ ሰው ያወጣል፣ ያወርዳል።»

«ቤቱ ውስጥስ ምን ወድቋል?»

ተያዩ። ከዚያ አንዱ መዘርዘር ጀመረ፤ የተቀደደ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ከጀልባ ጣሪያ የተረፈ ሸራ፣ ያረጀ መረብ፣ የአባቱ አረንጓዴ ቁምጣ። ልብሱ ያን ጊዜ አለቀ ብላችሁ ቁጠሩት። ከታች የጎጃም ቁምጣ፣ ከላይ የሸራ እጅ ጠባብ፣ ትከሻው ላይ ድርብ መረብ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ከጃኬቱ የተቀደደ ብርቱካናማ ጨርቅ። ወገቡን በቀይ መቀነት ያስራል። ሩቅ ላይ ቆሞ እንኳ የውኃ ልጅ መሆኑ ይታያል።

ካባው ላይ ግን ተከራከርን። «እትዬ፣ ካባ ከሌለው ማን ጀግና ይለዋል?» አለኝ ትልቁ። አንድ አሮጌ ጋቢ አወጣሁና ግቢያችን ያለው በርሜል ውስጥ ነከርኩት። ጥቂት ቆይቼ «አውጣው» አልኩት። በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ውኃው በክንዱ ላይ እየወረደ እስከ ብብቱ ገባ። «ይሄን አንገትህ ላይ አስረህ ትዋኛለህ?» አልኩት። ካባው በዚያው ቀረ። ታሪካችሁ ደረቅ ምድር ላይ ከሆነ እንደፈቀዳችሁ፤ ውኃ ካለበት ግን አንገት ላይ የሚታሰር ምንም ነገር አትስፉ።

ልክ ስትወስዱ ልጁን አቁማችሁ ብቻ አትለኩት። አስቀምጡት፣ እጁን ወደ ላይ አስነሡት፣ መቅዘፊያ አስይዛችሁ ጎንበስ አስብሉት። የእኛው ልጅ ጀርባ ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ ቆሞ 44 ሳንቲም ነበር፤ ሲቀዝፍ 50 ሆነ። እነዚያ 6 ሳንቲሞች ናቸው ካሜራ ፊት ልብሱን የሚቀድዱት። በፊልሞቹ የምናየው ጥብቅ ልብስ የሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ነው አብሮ የሚሄደው። ሸራና ካኪ አይለጠጡም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በብብቱ ሥር 12 በ12 ሳንቲም የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ጥጉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡበት፤ በሱሪው መሐልም እንዲሁ። ያን ጊዜ እጁን ሲያነሣ ልብሱ ከወገቡ አብሮ አይነሣም።

መጀመሪያ በአቡጄዲ ሞክሩት። እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ «በአቡጄዲ የተሳሳተ በሐር አይሳሳትም» ትለኝ ነበር። ሸራ አንዴ መርፌ ከገባበት ቀዳዳው አይደፈንም፤ ስለዚህ ስሕተቱን በአቡጄዲው ጨርሱ።

አሁን የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። ለመቀነቱ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ከገበያ ገዛሁ፤ ልጆቹ ስለቸኮሉ ሳላጥብ ቀድጄ ሰፋሁት። በመጀመሪያው የቀረጻ ጠዋት ልጁ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ ቀዩ ለቅቆ ሸራውን ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ሮዝ አድርጎታል። አራት ሰዓት ሳይሞላ ዕቃችንን ሰብስበን ተመለስን። ልጆቹ ያንን ጠዋት ያገኙት አንደኛው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። እናንተ ማንኛውንም ጨርቅ ሳትቀድዱ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። ነጩ ቀለም ከያዘ ያ ጨርቅ ውኃ አይገባም። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ልክ ከወሰዳችሁ በኋላ ከሚያጥር አስቀድሞ ይጠር።

ጭንብሉን በወረቀት ጀምሩ። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው የተጠቀምኩት፣ ወፍራም ስለሆነ ቅርጽ ይይዛል። የዓይኑን ቀዳዳ ጠበብ አድርጋችሁ ቅደዱና ልጁ አንገቱን ሳያዞር ግራና ቀኙን እስኪያይ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አስፉት፤ አንዴ የሰፋ ቀዳዳ አይመለስም። አፉንና አገጩን ተዉለት። በስልክ ስትቀርጹ ከጨርቅ ሥር የሚወጣ ድምፅ ይታፈናል፤ ተመልካቹም ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ማየት አለበት፣ ፈርቶ መግባቱ ነውና ጀግና የሚያደርገው። ከኋላ በቋጠሮ አትሰሩት። ላስቲክ አድርጉለት፣ በአንድ እጅ ስቦ የሚያወልቀው።

የሕይወት አድን ጃኬት ከልብሱ ሥር ይለብሳል። ዋናተኛ ቢሆንም ይለብሳል። ስለዚህ ደረቱን የምትለኩት ጃኬቱን አልብሳችሁ ነው። ትከሻው ሰፋ ብሎ መታየቱ ደግሞ ለጀግና አይከፋም።

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ የሚከተለው ነው። በታሪኩ ልብሱን የሚሰፋው ልጁ ራሱ ነው፤ መርፌ ይዞ የማያውቅ የ17 ዓመት ልጅ። እኔ ከሰፋሁት ደግሞ ቀጥ ያለ፣ የተዘመዘመ፣ የሱቅ ልብስ ይሆናል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ ሸክም የሚይዘውን ስፌት፣ ብብቱን፣ መሐሉን፣ ትከሻውን፣ በውስጥ በኩል በመኪና ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁት፤ ከውጭ አይታይም። ከውጭ የሚታየውን በሙሉ ጀግናውን የሚጫወተው ልጅ በእጁ እንዲሰፋው ሰጠሁት፤ ልጆቹም ያንን ቀረጹት።

የደረቱን ምልክት ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ምልክቱ የታንኳ አፍንጫ ነው፤ ወደ ላይ የተቀለበሰው ጫፍ። የተቀደደው ከአሮጌ አንጸባራቂ ሰደርያ ላይ ካለው ብርማ ጥብጣብ ነው፣ ማታ የባጃጅ መብራት ሲያርፍበት ቦግ ይላል። መርፌው ወፍራም ነበር፣ ክሩ የመረብ መጠገኛ ናይለን። ሸራውን ለመብሳት አውራ ጣቱን ከመርፌው ኋላ አስደግፎ ገፋ፤ መርፌው እንቢ አለና ወደ ጣቱ ተመለሰ። ደም ወጣ። ጣቱን ጠባ፣ ወደ እኔ አየ፣ እንደገና ገፋ። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ክሩን ሳያጠብቀው ስላለፈ እንደ ጆሮ ብቅ ብሎ ቀረ። እጄ ሊያስተካክለው ተቁነጠነጠ፤ ግን ተውኩት። ፊልሙን ያዩ ሁሉ የሚያነሡልኝ ያንን ብቅ ያለ ክር ነው። እናንተም ልብሱን የሚለብሰው ልጅ ቢያንስ ምልክቱን ራሱ ይስፋው፤ ስልኩን ወደ እጁ አስጠጉት፣ ሙዚቃም አታድርጉበት፣ ክሩ ሸራውን ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ይበቃል።

አቅም ካላችሁ ሁለት ልብስ ስፉ፤ አንዱ የሚወድቅበት፣ አንዱ ተጠግኖ የሚመለስበት። ለአንድ ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ፊልሙን በታሪኩ ቅደም ተከተል ቅረጹ። አንዴ የቀደዳችሁትን ልብስ ለመክፈቻው ትዕይንት አዲስ ማድረግ አይቻልም። ለማስረጀት ክርኑንና ጉልበቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ ነጭ ነጩን በወፍራም ሻይ ንከሩት። ሲጠገን የተሰፋበት እራፊ ከላይ ይታይ፤ ቀለሙን አታመሳስሉት።

ቀረጻው የልጆቹ ሥራ ነው፣ ስለ ካሜራ አልገባም። ከውኃው ጋር ስለሚገናኘው ብቻ ልበል። ጣና ጠዋት ይተኛል፤ ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው የሚገባበትን ሁሉ ጠዋት ቅረጹ፤ ማዕበሉን ግን ከሰዓት ዳር ቆማችሁ ለብቻው ውሰዱና በኋላ አገናኙት። እርጥብ ልብስ ይዞ መቆም ጠዋት ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚህ ደረቁን ትዕይንት አስቀድሙ፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ ዳር ላይ ይጠብቀው። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት እንደነገሩን ታንኳው የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ውኃ ይጠጣል፤ ከቀረጻ በኋላ ታንኳው ዳር ወጥቶ፣ ቆሞ ካልደረቀ በማግሥቱ ይከብዳል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ወደዚያ አትጠጉ።

ልጆቹ መጨረሻውን በግንቦት 2016 በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው የዓባይ ድልድይ ላይ ሊያደርጉት ፈልገው ነበር፤ ጀግናው ቆሞ ከተማዋን ሲያይ። ድልድዩ ያምራል። ነገር ግን ፊቱን የሸፈነ ሰው መንገድ ላይ ማቆም አላፊ አግዳሚውን ያስደነግጣል፤ የትም ብትቀርጹ አስቀድማችሁ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ፣ ፈቃዱን ኪሳችሁ ያዙ፣ ካሜራው ሲጠፋ ጭንብሉ ይውለቅ። በኋላ መጨረሻውን እዚያው ዳር አደረጉት፤ ልጁ ጭንብሉን ኪሱ ከትቶ ሌላ ሰው ጀልባ ሲያስር ገመዱን ያቀብለዋል።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ከጎንና ከጎኑ፣ ከቁምጣውም ግርጌ፣ 4 ሳንቲም ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተዉ። በጥቅምት የለካሁት ልጅ በመጋቢት ሁለተኛውን ክፍል ሊቀርጹ ሲመጡ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቶ ነበር። ትርፉን ፈትቼ አወረድኩለት፤ የእሱን ስፌት ሳልነካ።