የአምፕሊፋየር ዋት አነባበብና ስፒከርን ከመቃጠል ማዳን

አምፕሊፋየር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው ዋት ብዙ ጊዜ የማይረባ ቁጥር ነው። ፒኤምፒኦ የሚል ካዩ እንዳላዩ ይለፉት፤ የጋራ የአለካክ ደንብ የሌለው የገበያ ቁጥር ነው። የሚፈለገው አርኤምኤስ ወይም ተከታታይ የሚባለው፣ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው፤ እሱም ቢሆን በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ)፣ በስንት መዛባትና ስንት ቻናል እየሠራ እንደተለካ አብሮ መጻፍ አለበት። «100 ዋት በ8 ኦም፣ ሁለቱም ቻናል እየሠራ፣ መዛባት 0.1 በመቶ» ከተባለ ይታመናል። «100 ዋት» ብቻ ከሆነ ግን መዛባቱ 10 በመቶ ደርሶ፣ ለአፍታ ብቻ የተገኘ ሊሆን ይችላል።

ስፒከር ጀርባ ላይ ደግሞ ተከታታይ፣ ፕሮግራም እና ፒክ የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም የተከታታዩ 2 እጥፍ፣ ፒክ 4 እጥፍ ነው። ስለዚህ አንዱ በተከታታይ 300፣ ሌላው በፒክ 1200 ዋት የተባሉ ሁለት ስፒከሮች አቅማቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ስሌቱን ሁልጊዜ ከተከታታዩ ይጀምሩ።

ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 110 ለመድረስ 100 ዋት ይፈልጋል፤ 96 የሚሰጠው ግን 25 ዋት ይበቃዋል። ድምፅ ሲያንስ ትልቅ አምፕ ከመግዛት በፊት ስፒከሩ በ1 ዋት የሚሰጠውን ዴሲቤል ማየት ገንዘብ ያድናል።

ስፒከር የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ኮይሉ (ማግኔቱ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) በሙቀት ይቃጠላል፣ ወይም ወረቀቱ (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ከልኩ በላይ ተገፍቶ ይቀደዳል። «ትንሽ አምፕ ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) ያቃጥላል» የሚባለው እውነትነት ያለው አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። ይህ ክሊፕ ማድረግ ይባላል፤ ያኔ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ፈጽሞ አራት ማዕዘን የሆነ ሞገድ ከፍታው እኩል ከሆነ ሳይን (ለስላሳ፣ ያልተቆረጠ) ሞገድ 2 እጥፍ ኃይል አለው። የ100 ዋት አምፕ ወደ 200 ዋት ሊተፋ የሚችለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ቤዙ ጣሪያ ነክቶ ሲቆም ቀጭኑ ድምፅ ማደጉን አያቆምም። ሳጥኑ 100 ዋት ቢባልም ውስጡ ያለው ትዊተር የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነውና ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ቀይዋ የክሊፕ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ብትል አያሳስብም፤ በርታ ከቀረች ግን ድምፁን ይቀንሱ።

ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ) ካለ የአምፑ ዋት እስከ ስፒከሩ ፕሮግራም ቁጥር ድረስ ቢሄድ ችግር የለውም። ሊሚተር ከሌለና ቁልፉን ብዙ ሰው የሚነካው ከሆነ ከተከታታዩ አይለፉ። ኦሙንም አይርሱ፦ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በትይዩ ሲታሰሩ 4፣ አራቱ ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። አምፑ ዝቅተኛው 4 ኦም ከተባለ አራቱን መሸከም አይችልም፤ ይግላል፣ ይዘጋል ወይም ይቃጠላል።

ሊሚተር በጆሮ አይስተካከልም፣ በቮልት ነው። የስፒከሩን ተከታታይ ዋት በኦሙ ያባዙና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። 300 ዋት በ8 ኦም ሲባዛ 2400፣ ስኩዌር ሩቱ 49 ቮልት ነው። ከዚያ ስፒከሩን ከአምፑ ይንቀሉ፤ ይህን ዘለው የሚጀምሩ ሰዎች ስፒከሩን በዚያው ያቃጥሉታል። የ100 ሄርዝ ሳይን ሞገድ ያስገቡ፤ ርካሽ መልቲሜትር ከፍ ባለ ድግግሞሽ ይሳሳታል። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የአምፑ መውጫ ላይ ይሰኩ፣ ባዶውን ብረት በእጅ አይንኩ። ሊሚተሩን እንዳይዝ ከፍ አድርገው ንባቡ ከ49 እስኪያልፍ ድምፁን ይጨምሩ፤ ቀጥሎ 49 ላይ እስኪቆም ሊሚተሩን ዝቅ ያድርጉ። ሊሚተሩ ከአምፑ በፊት ያለ ከሆነ የአምፑ ቁልፍ ከዚህ በኋላ አይነካም፤ ከተነካ ልኩ ይፈርሳል። ትዊተሩ የራሱ አምፕ ካለው ክሮስኦቨሩ (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚከፋፍለው) 100 ሄርዝ ስለማያሳልፍ በራሱ ድግግሞሽ፣ በተሻለ መልቲሜትር ለብቻው ይለካል።

ቀዳዳ ያለው የቤዝ ሳጥን ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች ወረቀቱን የሚይዝለት አየር የለም። 45 ሄርዝ ላይ ከተቃኘ ሃይፓስ ፊልተሩን (ከተሞላለት ድግግሞሽ በታች ያለውን የሚቆርጠውን) ወደ 40 ሄርዝ ያድርጉ፤ ከዚያ በታች ያለው ወረቀቱን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አይሰማም።

ሲያበሩ ሚክሰሩ ይቅደም፣ አምፑ መጨረሻ ይብራ፤ ሲያጠፉ አምፑ ይቅደም። የተጠገነ ወይም ያገለገለ አምፕ ከሆነ ስፒከር ከመሰካትዎ በፊት ያለ ሙዚቃ ዲሲ ቮልቱን ይለኩ። ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ችግር የለውም፤ 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አይሰኩ፣ አምፑ ሙዚቃ ሳይኖር ኮይሉን እያሞቀ ይቀመጣል።

የተጠረጠረ ስፒከር ተነቅሎ በመልቲሜትር ሲለካ ባለ 8 ኦሙ ከ5.5 እስከ 7 ያነባል። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ንባቡ ደህና ሆኖ ወረቀቱን በሁለት በኩል በጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ከፋቀ፣ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተሻሸ ነው።