የፋብሪካ ደመወዝዎን በራስዎ ሒሳብ እንዴት ያጣራሉ?

ከሐርቡም ከወረባቦም ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣ ወጣት የፊት ጥያቄው «ሰው ይቀጥራሉ ወይ?» ነበር። አሁን ጥያቄው የሚነሳው ደመወዝ ቀን ነው፦ «ይህ ደግሞ ከምን ተቆረጠ?» መልሱን ለማግኘት የሞባይል ካልኩሌተርና አሥር ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ መደበኛ ደመወዝዎን ይወቁ። ሲቀጠሩ በአፍ የሚነገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአቴንዳንስ ቦነስ (ሳይቀሩ ለመገኘት የሚሰጥ ጉርሻ) እና የትራንስፖርት አበል ተደምሮበት ነው። ትርፍ ሰዓትና ጡረታ የሚሰሉት ግን በመደበኛው ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ቢቀሩ ቦነሱ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋም ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት መደበኛው ለብቻው መጻፉን ይዩ። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ እንዲሰጥዎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ያስገድደዋል።

ለሒሳብ እንዲመች መደበኛው 4160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 4160 ለ208 ሲካፈል ሰዓቱ 20 ብር ነው። 30 ቀንን በ8 አባዝቶ ለ240 የሚያካፍል የደመወዝ ክፍል ካጋጠመዎት ሰዓቱ ወደ 17.33 ይወርዳል፤ የእረፍት ቀንዎን የሥራ ቀን አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው። በወሩ ውስጥ 10 የቀን ትርፍ ሰዓት ሠሩ እንበል፦ በ1.5 ማባዣ ልዩነቱ 40 ብር ነው። ለአንድ ወር ትንሽ ነው፣ ለዓመት ግን 480።

የትርፍ ሰዓት ማባዣው ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ወሎ ላይ አረፋ ሲሆን ክርስቲያኑ፣ ገና ሲሆን ሙስሊሙ ገብቶ መሸፈኑ የተለመደ ነው። የራስዎ በዓል ስላልሆነ ቀኑ ተራ ቀን አይሆንም፤ የበዓል ሒሳቡን ይጠይቁ።

ሰው የሚሳሳተው የጣት አሻራ ማሽኑ ላይ ነው። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር 18:30 የእኛ ምሽት 12:30 ነው፤ 1.75 የሚጀምረው ማሽኑ 22:00 ሲል ነው። ትንሽ ደብተር ይያዙና ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን ያዘዘውን ሱፐርቫይዘር እዚያው ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ ደብተር ክርክር ላይ አይቆምም።

ወደ ተቀናሹ እንምጣ። ጡረታ ከመደበኛው 7 በመቶ ነው፣ 291.20 ብር። አሠሪው 11 በመቶ ከራሱ ይጨምራል፤ 18 በመቶው ከእርስዎ ከተቆረጠ ስህተት ነው። ግብር ከሐምሌ 2017 ወዲህ እስከ 2000 ብር የለም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4000 ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 7000 ላለው 20 በመቶ ነው። አሥሩ የቀን ትርፍ ሰዓት 300 ብር ሲጨመር ጠቅላላው 4460 ይሆናል፤ ግብሩ 300 ሲደመር 92፣ 392 ብር። እጅዎ የሚገባው 3776.80 ነው። «ትርፍ ሰዓት ብሠራ ግብር ይበላዋል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ከ4000 ባለፈው ብር ላይ ብቻ ነው።

ልዩነት ካገኙ ለደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ኮፒው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ይያዙ። ካልተስተካከለ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ቀጥሎም ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ፍርድ ቤት ቢደርስም ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። «ነገ ዛሬ» ሲባል ጊዜው እንዳያልፍ፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ከሥራ ተባርሮ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል።

ሥራ ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ የሥራ ልምድ ወረቀትና የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይውጡ። ቀጣዩ ፋብሪካ አዲስ ቁጥር እንዳያወጣልዎ በመጀመሪያው ቀን የድሮውን ቁጥር ያሳዩ።