ሌሊቱ ቀን የሆነበትን ልጄን እንዴት መለስነው

እኔ ለሱብሂ ስነሳ ልጄ ገና ሊተኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጨረሰ ጀምሮ እንዲህ ሆነ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይተኛል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ይነሳል። ቁጠሩት፣ 9 ሰዓት ነው። ለዕድሜው ልክ ነው። የተበላሸው መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁትን አታድርጉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ደጅ አስወጣሁት። የደሴን የክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን ተጣላን፣ የማታ እንቅልፉ ግን ጭራሽ ራቀ። ነርስ የሆነችው እህቴ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። የልጁ ሰውነት ገና ውድቅት ላይ ሳለ ብርሃን ካገኘው እንቅልፉ ይበልጥ ይዘገያል። ከለመደው መንቂያ አካባቢ የሚያየው ብርሃን ግን የማታውን እንቅልፍ ቀደም ያደርገዋል። ደግሞም በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ከእኛ ዘግይቶ መምጣቱ ተፈጥሮ ነው። ሰነፍ ብላችሁ አትስደቡት።

ስለዚህ መተኛውን ትታችሁ መንቂያውን ያዙ። በየ2 ቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት። ከ8 ሰዓት ወደ 7 ተኩል፣ ከዚያ ወደ 7። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ለመድረስ አንድ ወር ገደማ ፈጀብን። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ላይ ለውጥ አይታይም፣ አብሽሩ። ቅዳሜና እሁድም ያው ነው። አንድ እሁድ «ዛሬስ ይረፍ» ብዬ ተውኩት፣ አራት ቀን ወደኋላ መለሰን።

እንደነቃ ውጭ ይውጣ። መስኮት ዳር መቀመጥ አይበቃም። የጦሳን ተራራ ጉም ቢሸፍነውም የደጁ ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ ይበልጣል። የሚነሳበት ጉዳይም ይኑረው። የእኔ ልጅ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለውን የአጎቱን ሱቅ ያግዛል። የሚጠብቀው ሰው ሲኖር መንቃቱ ቀለለው።

የከበደን ቡናው ነበር። ቤታችን ቡና የሚፈላው 10 ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልጁም ከአቦል እስከ በረካ አብሮን ይጠጣል። ለካ ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳ የቡናው ኃይል ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ አለ! ልጁን ከረከቦቱ ማራቅ አልፈለግሁም፣ ጨዋታው ያስፈልገዋል። ቡናውን ወደ ረፋድ አመጣነው። ጎረቤቶቼ ቅር ቢላቸውም መጡልኝ። ጫትም እንቅልፍ ያባርራል። ልጃችሁ ይቅም እንደሆነ ሳትቆጡ ጠይቁት።

ስልኩ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይሰካል። የእኔም አብሮ። የራሴን ይዤ የእሱን ብቀማው አይሰማኝም ነበር። እንቅልፍ እምቢ ካለው አልጋ ላይ አይገላበጥ። ተነስቶ ደብዘዝ ባለ መብራት ይቀመጥና ሲያዛጋ ይመለስ።

የእንቅልፍ ኪኒን እንዲሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት። ልጁ ከተከዘ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከሰው ከሸሸ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ነገሩ እንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል።

አሁን የእኔ ልጅ 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። አንዳንዴ 1 ተኩል ይሆንበታል፣ ያን አልቆጥርበትም። ወደ 2 ሲጠጋ ግን በሩን አንኳኳለሁ።