ኢንቦክሱ ባዶ ሲሆን፦ የአሮጌው አውትሉክ ኤክስፕረስ ችግርና መፍትሄ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን አለ። ጥግ ላይ አቧራ የጠገበ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ኢሜይሉም አውትሉክ ኤክስፕረስ። ባለቤቱ ጋሼ ከዱባይና ከጓንዡ ነጋዴዎች ጋር የተጻጻፉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፕሮፎርማው፣ የዕቃ ዝርዝሩ፣ ጭቅጭቁ ሳይቀር። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኢንቦክሴ ባዶ ሆነ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?»

«የማይጠፋበት ቀን አለ?»

ግማሹን ምርመራ እዚያው ስልክ ላይ ጨረስነው ማለት ነው። እንደ ጋሼ ያለ ሰው በከተማው ዳር ዳር ብዙ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ ብሎኬት ማምረቻ ብትገቡ ኤክስፒ አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ቢሆንም ኮምፒውተሩ እስከሠራ ድረስ ማን ይነካዋል? ስለዚህ «ጣሉት» ብዬ አልጀምርም። የሚበላሽበትን መንገድ፣ ምክንያቱንና በነጻ የሚገኙትን አጋዥ ፕሮግራሞች እያነሳሁ እሄዳለሁ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት

ኮፒ። ጥገናው ሳይሆን ጠጋኙ ያጠፋው ኢሜይል ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ የማን እንደነበር አልናገርም።

አውትሉክ ኤክስፕረስ እያንዳንዱን ፎልደር ለብቻው በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። የፋይሎቹ መጨረሻ «ዲቢኤክስ» ነው። ኢንቦክስ አንድ ፋይል፣ የተላከው አንድ ፋይል። «ፎልደርስ» የሚባለው ደግሞ የሁሉም ማውጫ ነው። የተቀመጡበት ቦታ በተለምዶ የተደበቀ ስለሆነ በዓይን ፍለጋ አትድከሙ። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሜንተናንስ ግቡና ስቶር ፎልደር የሚለውን ተጫኑ። የሚወጣውን ረጅም አድራሻ ኮፒ አድርጋችሁ ስታርት ውስጥ ባለው ራን ላይ ለጥፉት። ፎልደሩ ይከፈታል። ከዚያ ፕሮግራሙን ዝጉና ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ውሰዱ።

የስም ዝርዝሩ ግን እዚህ ውስጥ የለም። እሱ በሌላ ቦታ «ዋብ» በሚባል ፋይል ነው የሚቀመጥ። ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ አድሬስ ቡክ ብላችሁ ለብቻ አውጡት። ይሄን የረሳ ሰው ደብዳቤውን ይዞ አድራሻውን ያጣል።

ኢንቦክሱ ባዶ ነው፣ ወይም ከተወሰነ ቀን ወዲህ ያለው የለም

ምክንያቱን ለመረዳት የሱቅ የዱቤ ደብተር አስቡ። የተከፈለ ዕዳ ላይ መስመር ይሰመርበታል እንጂ ገጹ አይቀደድም። ኢሜይል ስታጠፉም እንደዚያው ነው። ጽሑፉ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፣ ቦታውም አይለቀቅም። «ኮምፓክት» ማለት ያልተሰረዘውን ብቻ ወደ አዲስ ደብተር መገልበጥ ነው። አሁን በግልበጣው መሀል መብራት ጠፋ እንበል። አሮጌው ደብተር ተነስቷል፣ አዲሱ አላለቀም።

ክፋቱ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነው ጥያቄውን የሚያመጣው። ኤክስፒው ሰርቪስ ፓክ 2 የሚባለው ማሻሻያ ካለው፣ መቶ ጊዜ ከፍታችሁ ስትዘጉት «ቦታ ለማስለቀቅ ኮምፓክት ላድርግ?» ይላል። ብዙ ሰው ወደ ቤት ሊሄድ ተነስቶ ሳለ ነው የሚጠየቀው። «እሺ» ይልና ሶኬቱን ከግድግዳው ይነቅላል። ጋሼ ጋ መብራቱ ቀደማቸው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አንቲቫይረስ ነው። ኢሜይል ሲገባና ሲወጣ የሚፈትሽ ክፍል አላቸው፤ እሱ ከዲቢኤክስ ፋይሎች ጋር አይስማማም። ያንን ክፍል ብቻ አጥፉት። አታችመንት ስትከፍቱ ዋናው አንቲቫይረስ ያየዋልና ብዙ አይጎድልባችሁም።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ሪሳይክል ቢን እዩ። አዳዲሶቹ የኤክስፒ ማሻሻያዎች ኮምፓክት ከማድረጋቸው በፊት የአሮጌውን ፋይል ቅጂ «ባክ» በሚል መጨረሻ ወደዚያ ይጥላሉ። የኢንቦክስ ባክ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ዴስክቶፕ ላይ አውጡት፣ መጨረሻውን ወደ ዲቢኤክስ ቀይሩት፣ ፕሮግራሙን ዝጉና በተበላሸው ቦታ ተኩት። የተበላሸውን ግን አትጣሉት፣ ሌላ ስም ስጡት።

ጋሼ ጋ ሪሳይክል ቢኑ ንጹህ ነበር። የምትረዳቸው ልጅ «ኮምፒውተሩ ሲንቀረፈፍብኝ አጸዳሁት» አለችኝ። ምን ይባላል? ማጽዳት ጥሩ ነው።

ያኔ የሚደርሰው ሁለተኛው መንገድ ነው፦ አንዲቢኤክስ። ትንሽ፣ ነጻና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ዲቢኤክስ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ታሳዩታላችሁ፤ ኢሜይሎቹን አንድ በአንድ «ኢኤምኤል» ፋይል እያደረገ ያወጣል። ዋናው ነገሩ የማገገሚያ ምርጫው ነው። እሱን ስታበሩት ማውጫውን ትቶ ፋይሉን ራሱን ይበረብራል። የተሰረዘ ግን በላዩ ላይ ሌላ ያልተጻፈበት ደብዳቤም ይወጣል። የሚወጣው ሁሉ ሙሉ አይሆንም። ወገቡ የተቆረጠ ፒዲኤፍና ማን እንደላከው የማይታወቅ ደብዳቤ ይኖራል። በኮፒው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አትሞክሩት።

አንድ ማሳሰቢያ። «ዲቢኤክስ መጠገኛ በነጻ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው አብዛኛው ነጻ አይደለም። ኢሜይላችሁን በመስኮት ያሳያችሁና «ለማስቀመጥ ክፈል» ይላል። ሌላው ደግሞ ሦስት የማታውቁትን ፕሮግራም አስከትሎ ይገባል። ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱ።

ከእንግዲህ ኮምፓክት ስታደርጉ፣ ፋይል ውስጥ ወርክ ኦፍላይን በሉ፣ ሌላውን ሁሉ ዝጉ፣ ራሳችሁ በመረጣችሁት ሰዓት አድርጉት። እስኪያልቅም አይጥዋን አትንኩ።

በ0133 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር፣ አዲስ ኢሜይል አይገባም

ፋይሉ ሞልቷል። አንድ ዲቢኤክስ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢንቦክስ ሳይሆን የተላከው ፎልደር ነው። የጎማ ፎቶ፣ የሞተር ፎቶ፣ የፎቶው ፎቶ። አዲስ ፎልደሮች በዓመት በዓመት ክፈቱና ወደዚያ አዛውሩ፤ ከዚያ ኮምፓክት። ጨርሶ አልከፈት ካለ ወደ አንዲቢኤክስ ተመለሱ።

አማርኛው አይነበብም

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። «አማርኛው ተበላሽቷል» የሚል ሰው አራት የተለያየ ነገር ሊያሳያችሁ ይችላልና።

የምታዩት ባዶ ሳጥን ከሆነ ደብዳቤው ደህና ነው። የጎደለው ፎንት ነው። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ አልመጣም። ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነጻ ፎንት አውርዳችሁ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ጨምሩት። ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነበባል።

የምታዩት በላቲን ፊደል ላይ ነጥብና ጭረት የተጫነበት ውዥንብር ከሆነ፣ ደብዳቤው በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሥርዓት በሚያስቀምጠው መስፈርት) ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ እንደ ምዕራባዊ ጽሑፍ እያነበበው ነው። ቪው፣ ኢንኮዲንግ ግቡና ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። አለቀ።

ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ትርጉም የማይሰጥ ከሆነና ደብዳቤውም አሮጌ ከሆነ፣ ምናልባት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በሌላ የቀድሞ ፎንት የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንደውም ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አቀማመጥ ነበረው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጉና ወርድ ላይ በዚያው ፎንት ክፈቱት።

ጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን አዝናለሁ። ፊደሉ ሲላክ ወይም ሲቀመጥ ጠፍቷል። ምንም ፎንት አይመልሰውም። ላኪውን «በዩኒኮድ ድገመው» በሉት። ጥያቄ ምልክቱ እናንተ የላካችሁት ላይ ከሆነ ደግሞ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሴንድ ውስጥ ኢንተርናሽናል ሴቲንግስ የሚለውን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

አታችመንቱ ደብዝዞ አይከፈትም

ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሴኩሪቲ። ቫይረስ ሊሆን የሚችል አታችመንት እንዳይከፈት የሚከለክለውን ምልክት አንሱ፣ ፋይሉን አውጡ፣ ምልክቱን መልሱ። መመለሱን አትርሱ።

ፒዲኤፍ ጠብቃችሁ «ዊንሜይል ዳት» የሚባል ነገር ከመጣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ላኪው በትልቁ፣ ከኦፊስ ጋር በሚመጣው አውትሉክ፣ ሪች ቴክስት በሚባለው አጻጻፍ አድርጎ ልኮታል። ዊንሜይል ኦፕነር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ ውስጡን ያሳያችኋል።

«ፓስዎርድ ተሳስቷል» ይላል፣ ፓስዎርዱ ግን ትክክል ነው

ጂሜይል ከሆነ፣ ጉግል ተራ ፓስዎርድ ብቻ የሚጠቀሙ አሮጌ ፕሮግራሞችን መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። አካውንቱ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፣ ከዚያ «አፕ ፓስዎርድ» አውጡ። የሚሰጣችሁን 16 ፊደል በፓስዎርዱ ቦታ አስገቡ። ሆትሜይል ያላችሁ ግን አትልፉ። ማይክሮሶፍት ይህን በር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ዘግቶታል፤ አውትሉክ ኤክስፕረስ ደግሞ አዲሱን የመግቢያ መንገድ አያውቅም።

ፓስዎርዱ ከተስተካከለ በኋላም «መገናኘት አልቻልኩም» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ኤክስፒ የሚያውቀው ምስጢራዊ ግንኙነት ቲኤልኤስ 1.0 ድረስ ነው። ብዙ ሰርቨሮች (ኢሜይሉን የሚያስተናግዱት ኮምፒውተሮች) አሁን ቢያንስ 1.2 ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ኤስተነል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አስተርጓሚ ይሆናል። በሻል ባለ ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ። አሮጌው ኮምፒውተር ኤስኤስኤሉን (ምስጢራዊ ግንኙነቱን) አጥፍቶ በፖርት (በግንኙነት በር) 110 ለእሱ ያወራል፤ እሱ ደግሞ በ995 ከሰርቨሩ ጋር በዘመኑ ቋንቋ ያወራል። በሁለቱ መሀል የሚሄደው ያልተመሰጠረ ስለሆነ በራሳችሁ ገመድ ብቻ አድርጉት፣ በካፌ ዋይፋይ አይሆንም።

ትንሽ ነገር ናት ግን ስንቱን አደከመች፦ አውትሉክ ኤክስፕረስ ኤስኤስኤል አብርታችሁ ለመላኪያ ፖርት 587 ስትሰጡት ይደናገራል። 465 ስጡት።

ፓስዎርዱን ማንም አያስታውሰውም

የኒርሶፍት ሜይል ፓስቪው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የተቀመጠውን ፓስዎርድ ከኮከቦቹ ጀርባ አውጥቶ ያሳያል። አንቲቫይረስ ይጮህበታል፤ ሌባም የሚጠቀምበት መሣሪያ ስለሆነ ነው። የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ፣ ጽፋችሁ እንደያዛችሁም አጥፉት።

አንዳንዶች ኦኢ-ኩዎትፊክስንም ጫኑ ይላሉ። መልስ ስትጽፉ የድሮውን ጽሑፍ መስመር ያስተካክላል። ደህና ነገር ነው፣ ለመጋዘን ግን ቅንጦት።

የጋሼ ነገር የት ደረሰ? አንዲቢኤክስ አብዛኛውን አወጣው። የጓንዡው ጭቅጭቅ ሙሉ ለሙሉ ተገኘ፤ እሳቸውም ደስ ያላቸው በእሱ ነው። ከዚያ ተንደርበርድ የሚባል ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁላቸው። ኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ተንደርበርድ ቨርዥን 52 ነው፤ የአውትሉክ ኤክስፕረስን ኢሜይል በቀጥታ ኢምፖርት ያደርጋል። በኢኤምኤል የወጣውን ግን በልጃቸው ላፕቶፕ፣ አዲሱ ተንደርበርድ ላይ፣ ኢምፖርት-ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ በሚባለው ነጻ አድ-ኦን ነው ያስገባሁት። ረጅም ርዕስ የያዙ ደብዳቤዎች የፋይል ስማቸው በጣም እየረዘመ ትንሽ አስቸግረውኛል።

«ይኼኛውስ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«እሱም ኮምፓክት ያደርጋል፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ማግስቱን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ ገዙ። አሁን ጠረጴዛው ሥር ሆኖ መብራት በሄደ ቁጥር ቢፕ ይላል፤ ልጅቷም ድምፁን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ኢሜይሉን መዝጋት ለምዳለች።