ኮርድ አትሸምድዱ፣ ቁጠሩ

ኪቦርድ መማር ስጀምር ኮርዶችን (አንድ ላይ የሚነኩ ኖታዎችን) የማውቀው በጣት ቅርፅ ነበር። ይሄ ዶ ሜጀር ነው፣ ይሄ ላ ማይነር ነው ተብሎ ተሰጠኝ፣ እኔም እሱን ስሸመድድ ወራት ሄዱ። አንድ ቀን አብራኝ የምትዘፍን ልጅ «ለድምፄ ወረደብኝ፣ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ስትል እጄ ቆመ። የማውቃቸው ቅርፆች በሙሉ ከነጭ ቁልፎች ጋር የተጣበቁ ነበሩ። በኋላ ነው የኮርድ አሰራር የርቀት ጉዳይ መሆኑ የገባኝ። እስከ 12 መቁጠር ከቻላችሁ የትኛውንም ኮርድ ከየትኛውም ኖታ ላይ ተነስታችሁ መስራት ትችላላችሁ። ኪቦርድ ካለ ፊታችሁ አስቀምጡት። ከሌለ የስልክ ፒያኖም ይበቃል።

መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ

ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ መሄድ አንድ ግማሽ ቶን ይባላል። ነጭ ይሁን ጥቁር ለውጥ የለውም፣ ዋናው ነገር በመሀል ምንም ቁልፍ አለመዘለሉ ነው። ጊታር ላይ ደግሞ አንድ ፍሬት ማለት ነው። እንዲህ እያላችሁ 12 ስትሞሉ የተነሳችሁበት ኖታ ቀጠን ብሎ ተመልሶ ይመጣል፤ ይሄ ኦክታቭ ነው። ነጮቹ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ናቸው። በሚ እና በፋ መሀል፣ እንዲሁም በሲ እና በዶ መሀል ጥቁር ቁልፍ የለም፣ ይሄን አስታውሱ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር፦ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጠሩ ሰዎች «ሲ» ሲሉ ዶን ማለታቸው ነው። እኔ እዚህ «ሲ» ስል ግን ከዶ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ኖታ ነው። ስንት ሰው በዚህ ተምታቶበታል!

ስትቆጥሩ የተነሳችሁበትን ቁልፍ አንድ ብላችሁ እንዳትጀምሩ። እሱ ዜሮ ነው። ከዶ ተነስታችሁ ጥቁሩ 1፣ ሬ 2፣ ቀጣዩ ጥቁር 3፣ ሚ 4 ይሆናል። ጀማሪ ኮርድ የሚበላሽበት አብዛኛውን ጊዜ እዚች ጋ ነው።

ሜጀር እና ማይነር

ኖታ መርጣችሁ 4 ቁጠሩ፣ ከደረሳችሁበት ደግሞ 3 ቁጠሩ። ሦስቱን አንድ ላይ ንኩ። ሜጀር ኮርድ ይሄው ነው። ከዶ ከተነሳችሁ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ከሬ ከተነሳችሁ ሬ፣ ፋ ሻርፕ (ከፋ በአንድ ግማሽ ቶን ከፍ ያለው)፣ ላ። ያቺ ልጅ ከፍ አድርግልኝ ስትል እኔ ያቃተኝ ከሚ ፍላት (ከሚ በአንድ ግማሽ ቶን ዝቅ ካለው) መነሳት ነበር፦ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። ያው 4 እና 3 ነው፣ የተለየ ትምህርት አይፈልግም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ 3፣ ከዚያ 4። ማይነር ሆነ። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል። ሁለቱን እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ንኩና ጣታችሁን ተመልከቱ። ዳርና ዳር ያሉት አልተነቃነቁም፣ የመሀሉ ብቻ በአንድ ግማሽ ቶን ወረደ። በዚህ አንድ ቁልፍ ነው አንዱ ብሩህ፣ ሌላው ሆድ የሚያባባ የሚሆነው። እኔ እስካሁን ድረስ ይገርመኛል።

ባለ 4ቱ ርቀት ሜጀር ሰርድ፣ ባለ 3ቱ ማይነር ሰርድ ይባላል። ሁለቱ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፣ ይሄ ደግሞ ፊፍዝ ነው። ኮርዱን የሚያቆመው ምሰሶ ፊፍዝ ነው። ምክንያቱ አየር ላይ ያለው ንዝረት ነው። መቃኛ የሚሆነው ላ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፣ ከሱ 7 ግማሽ ቶን ከፍ ያለው ሚ ደግሞ ወደ 659 ገደማ። 660 ቢሞላ ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲመታ ላይኛው ሦስት ጊዜ ይመታል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጆሮ ሁለቱን በቀላሉ ያስማማቸዋል።

ሌሎቹ ባለ ሦስቶች

3 እና 3 ብትደራርቡ ዲሚኒሽድ ይሆናል፦ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። የተጨነቀ ድምፅ አለው። 4 እና 4 ኦግመንትድ ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሻርፕ። እሱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፣ ምክንያቱም 12ቱን እኩል ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ከሦስቱ ኖታዎች የትኛውን መነሻ ብትሉት ያው ኮርድ ይመጣል።

ሰስ የሚባሉት ደግሞ ሰርዱን አውጥተው በምትኩ ጎረቤቱን ያስገባሉ። ሰስ ፎር 5 እና 2 ነው፦ ዶ፣ ፋ፣ ሶል። ሰስ ቱ 2 እና 5፦ ዶ፣ ሬ፣ ሶል። ሰርድ ስለሌላቸው ሜጀርም ማይነርም አይባሉም። ያዙልኝ፣ ቅኝት ላይ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

አራተኛ ኖታ ስንጨምር

ያው ቆጠራ ይቀጥላል። በሜጀር ላይ 3 ስትጨምሩ ሰዎች በአጭሩ «ሰቨን» የሚሉት ይመጣል፦ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። ይሄን ኮርድ ንኩና ዝም በሉ። ጆሯችሁ የሆነ ነገር ይጠብቃል አይደል? በውስጡ ያሉት ሲ እና ፋ 6 ግማሽ ቶን ይራራቃሉ፣ አብረው ደግሞ አይረጋጉም። ሲ ወደ ዶ አንድ እርምጃ መውጣት ይፈልጋል፣ ፋ ወደ ሚ አንድ እርምጃ መውረድ ይፈልጋል። ሲሄዱ ዶ ሜጀር ላይ ያርፋሉ። ብዙ ዘፈን ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

በሜጀር ላይ 4 ብትጨምሩ ሜጀር ሰቨን (ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ)፣ በማይነር ላይ 3 ብትጨምሩ ማይነር ሰቨን (ላ፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል) ይሆናል። ሁለቱም ለስለስ ያሉ ናቸው፣ ጃዝ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛሉ።

ደግሞ ኮርዱን ተገልብጦ ብታገኙት አትደንግጡ። ሚ፣ ሶል፣ ዶ ተብሎ ቢነካ ቆጠራው 3 እና 5 ይሆናል፣ ግን ዶን ወደ ታች መልሱትና ያው 4 እና 3 ነው። ሁልጊዜ መልሳችሁ ከደረደራችሁ በኋላ ቁጠሩ።

ወደ ቅኝቶቻችን

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው። የባህል ዘፈናችን በኮርድ የተሰራ አይደለም። ባለ አምስትም ሆነ ባለ ስድስት አውታር ክራር የሚቃኘው በአምስት ድምፅ ነው፣ ቅኝቱም ሁልጊዜ ከፒያኖ ጋር ቁጭ አይልም። ስለዚህ ኪቦርድ ይዘን ስንቀርብ የትኛው ኮርድ ከቅኝቱ ሳይወጣ እንደሚገባ መፈለግ አለብን። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ውስጥ በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲሰራ አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ኮርድ ጋር ማስማማት ነበረበት።

ሜጀር ትዝታን ውሰዱ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ከእያንዳንዱ ኖታ ተነሱና 4 እና 3፣ 3 እና 4 እያላችሁ ሞክሩ። የሚሳኩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ዶ ሜጀር እና ላ ማይነር። ብዙ ሰው ግን በለመደው ዶ፣ ፋ፣ ሶል ሜጀር ያጅበዋል። ፋ ሜጀር ፋን ያስገባል፣ ሶል ሜጀር ሲን ያስገባል፣ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ክልክል ነው አልልም፣ ጥሩ አድርገው የሚጠቀሙበት አሉ፤ ግን ትዝታው ትዝታ ትዝታ አልል ካላችሁ ምክንያቱን መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት። በምትኩ ዶ ሰስ ቱን፣ ሶል ሰስ ፎርን (ሶል፣ ዶ፣ ሬ) እና ላ ማይነር ሰቨንን ሞክሩ። ሦስቱም ከአምስቱ አይወጡም።

አምባሰል ሌላ ጉድ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ከዶ 3 ስትቆጥሩ የለም፣ 4 ስትቆጥሩም የለም። መነሻው ሰርድ የለውም! ስለዚህ «አምባሰል ሜጀር ነው ማይነር?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። ቤቱ ላይ የሚቀመጠው ዶ ሰስ ፎር ነው፣ ከሱ ጋር ሬ ፍላት ሜጀር እና ፋ ማይነር ይገባሉ። ፋ ማይነር ላይ ግን አትቆዩ። እነዚሁ አምስት ኖታዎች ከፋ ሲነሱ ማይነር ትዝታ ናቸው፣ ባሱ ፋ ላይ ከተቀመጠ የሰሚው ጆሮ ሳታስቡት ወደዚያ ይሄድባችኋል።

አንቺሆዬ ደግሞ አለ። ኪቦርድ ላይ በተለመደው አቀማመጥ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ከፋ ተነስታችሁ ቁጠሩ፦ ፋ፣ ላ፣ ዶ፤ 4 እና 3፣ ሜጀር። ዶን በሬ ፍላት ተኩት፤ 4 እና 4፣ ኦግመንትድ። ከሶል ፍላት ተነሱ፦ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ሬ ፍላት፤ 3 እና 4፣ ማይነር። ሬ ፍላትን በዶ ተኩት፤ 3 እና 3፣ ዲሚኒሽድ። አራቱም ዓይነት በአምስት ኖታ ውስጥ! ይሄን መጀመሪያ ቆጥሬ ሳገኘው ማታ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ቀንሼ እየደጋገምኩ ስነካካው አደርኩ። አንቺሆዬ ጆሮ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚቆነጥጥ ያኔ ገባኝ።

ባቲን እናንተው ሞክሩት። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብላችሁ አስቀምጡና ከአምስቱም እየተነሳችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሙሉ ባለ ሦስት ኖታ ኮርድ ታገኛላችሁ፣ አንዱ ሜጀር፣ አንዱ ማይነር። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ስትነኩ የሚመጣውን ባለ አራት ኖታ ኮርድ ከላይ ስሙን ታገኙታላችሁ።